አልበም ስትቀርጹ ስሜቱ ስቱዲዮ ውስጥ እንዳይጠፋ ምን ማድረግ አለባችሁ?

እኛ አገር ግጥሙ ከአንዱ፣ ዜማው ከሌላው፣ ቅንብሩ ከሦስተኛው ይመጣና ድምፃዊው የሰው ቃል የራሱ አድርጎ እንዲያዜመው ይጠበቅበታል። ከባዱ ነገር እሱ ነው። ማይክና ስቱዲዮ በገንዘብ ይገኛል።

1. ዘፈን ምረጡ። 12 ለማውጣት 20 ያህል ይዛችሁ ጀምሩ። ግጥሙን ያለዜማ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ሲነበብ ያሳፈራችሁ ስንኝ ሲዘፈንም ያሳፍራል፣ ገጣሚው ይቀይረው። ቅኝቱንም እዩ። ሁሉም ትዝታ ከሆነ ሰሚው አራተኛው ላይ ይደክመዋል፤ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ይግባበት።

2. ውል ተዋዋሉ። ከገጣሚው፣ ከዜማ ደራሲውና ከአቀናባሪው ጋር፣ በጽሑፍ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱ የሚሰጠው ለሥራው አመንጪ ነው። ወዳጅነት እዚህ ላይ አይሠራም።

3. ኪዩን፣ ማለትም ዘፈኑ የሚዘፈንበትን የድምፅ ከፍታ፣ ከቅንብሩ በፊት በሙሉ ድምፅ ዘፍናችሁ ወስኑ። ዜማ የሚጠናው ቤት ተቀምጦ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በቀስታ ነው። ስቱዲዮ ቆማችሁ በሙሉ ድምፅ ስትሉት አዝማቹ ላይ ድምፅ ይሰነጠቃል። በኪቦርድ የተሠራው በቀላሉ ይቀየራል፤ የተቀረፀው ማሲንቆና ሳክስፎን ግን እንደገና ነው፣ ሙዚቀኛውም እንደገና ይከፈለዋል።

4. ድምፅ ቅረጹ። ለሙዚቀኞቹ መመሪያ የሚቀረፀውን ጋይድ በደህና ማይክ ቅረጹት፣ አትደምስሱትም። «ይሄ ለጊዜው ነው» ተብሎ ስለሚዘፈን ፍርሃት የለበትም። ስንቱ ድምፃዊ ነው በኋላ የገዛ ጋይዱን ለመድገም ሲለፋ የሚያድረው!

ስንኝ በስንኝ መቀጣጠሉን ግን እኔ አልወደውም። እያንዳንዱ መስመር ልክ ይሆንና ትንፋሹ አይገጥምም፤ አንዱ ስንኝ በጉጉት ተጀምሮ ቀጣዩ ምሳ በልቶ እንደተነሳ ሰው ይሆናል። ከመግቢያ እስከ መውጫ ሦስት አራት ጊዜ ዝፈኑት፣ በመሃል አታዳምጡ። በነጋታው ግጥሙን በወረቀት ይዛችሁ ስሙና የወደቀውን ስንኝ በእርሳስ አስምሩ። የሚደገመው የተሰመረበት ብቻ ነው።

የራሳችሁ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫው በጣም ከጎላ ሳታውቁት ትቆጠባላችሁ፤ ኢንጅነሩ ዝቅ ያድርገው፣ ወይም አንዱን ጆሮ ክፈቱ። ጓደኛ ደግሞ ውጭ ይጠብቅ። ከመስታወቱ ጀርባ ሶፋው ላይ ስልክ የሚነካካ ሰው ካለ ለእሱ መዝፈን ትጀምራላችሁ። ሐዘን ያለበት ዘፈን ላይ እንባ ቢመጣ አልቅሱ፤ ጉሮሮ ሲታነቅ የተቀረፀው ብዙም አይረባም። ውሃ ተጎንጭታችሁ ወዲያው የምትሉት ግን ብዙ ጊዜ አልበሙ ላይ የሚገባው እሱ ነው።

የሳተ ድምፅ በኮምፒውተር የሚያስተካክለውን ኦቶቲዩን በጅምላ አትጫኑበት። በተለይ አንቺሆዬ ላይ ድምፆቹ ስለሚቀራረቡ፣ በጉሮሮ የምትንሸራተቱባትን ማሽኑ ስህተት መስላው ደረጃ በደረጃ ይቆራርጣታል። አንዲት ድምፅ ከሳተች እሷን ብቻ በእጅ ይጠግናት።

5. ሚክስና ማስተር። ሚክስ የተቀረፁትን ድምፆች አመጣጥኖ ማቀላቀል ነው፣ ማስተር ደግሞ ከመውጣቱ በፊት የሚደረገው የመጨረሻ ማስተካከያ። ሚክሱን በስቱዲዮ ስፒከር ብቻ ሰምታችሁ አታጽድቁ፤ በስልክ፣ በመኪናም ስሙት። ማስተሩን ሚክሱን ያልሠራ ሰው ቢሠራው ይሻላል፣ ጆሮው አልደነዘዘም። ቀሪውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ግን የእያንዳንዱን መሣሪያ ቅጂ ለየብቻ ተቀብላችሁ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ ለመድረክ ባንዱ ይፈልገዋል።