ገና ሰሞን ከልጆች ጋር መዝናኛ ፓርክ፦ ጉዞውን እንዴት እናቅድ?

በፈረንጆች ገና ሰሞን ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች ሌላ መልክ ይይዛሉ። መብራቱ፣ ሰማይ ጠቀሱ ዛፍ፣ የማታው ሰልፍ... ልጅ ይህን ሲያይ አፉን ከፍቶ ነው የሚቀረው። ችግሩ ይህን ማየት የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። ሳይዘጋጁ የሄዱ ቤተሰቦች ቀኑን ወረፋ ላይ ቆመው ይጨርሱታል። ትንሽ ቀድሞ ማሰብ ግን ብዙ ነገር ያስተካክላል።

1. ከሁሉ በፊት ቀኑን ቁረጡ

ብዙ ሰው ፓርኩንና ሆቴሉን መርጦ ነው ቀን የሚፈልገው። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። ቀኑ ከተበላሸ ሌላው ቢያምርም ዋጋ የለውም።

ከዲሴምበር 25 እስከ ጃንዋሪ 1 ያለው ሳምንት በጣም የሚጨናነቅ ነው። በፍሎሪዳ ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ የሚገኘው ማጂክ ኪንግደም የተባለው ፓርክ በዚህ ሳምንት ከመሙላቱ የተነሳ አዲስ ሰው ማስገባት ያቆመባቸው ቀናት አሉ። ጌጡ ግን ዲሴምበር 25ን አይጠብቅም። በዲዝኒ ወርልድም ሆነ በዲዝኒላንድ ፓሪስ የገናው ድምቀት የሚጀምረው ኖቬምበር ላይ ነው። ስለዚህ የዲሴምበር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ወርቅ ናቸው። ያው መብራት፣ ያው ዛፍ፣ ግን ያነሰ ሰው። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሁለት ሦስት ቀን ማስፈቀድ ከቻላችሁ አታመንቱ። ካልተቻለ ደግሞ ቢያንስ ከበዓሉ በፊት ያሉትን ቀናት ያዙ፤ ከበዓሉ በኋላ ካሉት ይሻላሉ።

2. አየሩን አይታችሁ ፓርክ ምረጡ

ፍሎሪዳ ቀን ቀን ለስላሳ ነው፤ ማታ ግን ጃኬት ያስፈልጋል። ፓሪስ ይበርዳል፤ ዝናብም አለው። ለትንንሽ ልጆች እኔ የምወደው ኮፐንሃገን ያለውን ቲቮሊን ነው። በ1843 እ.ኤ.አ. የተከፈተ አሮጌ ፓርክ ሲሆን ከከተማው ዋና ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ብርዱ ቀላል አይደለም። ግን በዲሴምበር ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ስለሚጨልም፣ ልጁ እንቅልፉ ሳይመጣ መብራቱን አይቶ ይጠግባል። ሌላ ቦታ እኮ መብራቱ ደምቆ በሚታይበት ሰዓት ትንሹ ልጅ ትከሻችሁ ላይ ተኝቷል።

3. ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት የፓርኩን ካላንደር ክፈቱ

በዓል ሰሞን የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓት ከቀን ቀን ይለያያል። ቲቮሊ ለምሳሌ በገና ዋዜማ፣ ዲሴምበር 24፣ ዝግ ነው። ማጂክ ኪንግደም ደግሞ ከኖቬምበር ጀምሮ በተመረጡ ምሽቶች ለብቻው ትኬት የሚቆረጥለት የገና ፓርቲ አለው። በእነዚያ ቀናት መደበኛ ትኬት የያዘ ሰው ምሽት 12 ሰዓት ላይ መውጣት አለበት። ይህን ሳያውቅ የማታውን ርችት እጠብቃለሁ ብሎ የሄደ ቤተሰብ ያሳዝናል። ለሚያውቀው ግን ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ብዙ ሰው እነዚያን ቀናት ስለሚሸሽ ቀን ላይ ወረፋው ይቀላል።

የልጆቹን ዕድሜም አስቡ። በዲዝኒ ፓርኮች ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ መግቢያ አይከፍልም።

4. የልጆቹን ቁመት ቤት ውስጥ ለኩ

ይህን እባካችሁ አትዝለሉት። ሮለር ኮስተሩ (ሽቅብ ቁልቁል የሚከንፈው ባቡር) መግቢያ ላይ መለኪያ የያዘ ሠራተኛ ይቆማል። ልጁ አንገቱን ይመዝዛል፤ ተረከዙን ከመሬት ያነሳል። ሠራተኛው በፈገግታ ትከሻውን ዝቅ ያደርገዋል። የጎደለው ሁለት ጣት ነው። ሁለት ጣትም ቢሆን አይገባም። የመቀመጫው ማሰሪያ ለሰውነት መጠን ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ ልመና አይሠራም፤ መሥራትም የለበትም። ያን ያህል ተጓጉቶ የመጣ ልጅ እዚያ ሲያለቅስ አንጀት ይበላል።

ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ጫማውን አድርጎ ለኩትና ከፓርኩ ዝርዝር ጋር አመሳክሩ። ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ስፔስ ማውንቴን የተባለው ሮለር ኮስተር 112 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል፤ የሰባቱ ድንክዬዎች ባቡር ደግሞ 97። ልጁም ምን እንደሚፈቀድለት አስቀድሞ ይወቅ። ትንሹን ይዞ የሚቀር ወላጅም አይከፋም፦ በዲዝኒና በዩኒቨርሳል ፓርኮች አንዱ ተሳፍሮ ሲመለስ ሌላው እንደገና ሳይሰለፍ ይገባል። መግቢያው ላይ ያለውን ሠራተኛ ጠይቁ።

5. ቀኑን ለሁለት ክፈሉት

በሩ ከመከፈቱ በፊት ድረሱ። የጠዋቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት፣ ከሰዓት በኋላ ካለው ግማሽ ቀን ይበልጣሉ። በዲዝኒ ወርልድ ሆቴሎች ያረፈ ሰው 30 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል፤ የሆቴል ዋጋ ስታወዳድሩ ይህንን አስቡበት። ጠዋት በጣም የሚፈለጉትን ሁለት ወይም ሦስት ጨዋታዎች ጨርሱ። ከዚያ በላይ አታቅዱ።

ቀትር ላይ ሰው ሲበዛ ውጡና ልጆቹን አስተኙ። «ይህን ሁሉ ከፍለን እንዴት እንተኛለን?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ግድ የለም፣ ተኙ። ያላረፈ ልጅ ማታ መብራቱ ሥር ቆሞም ይነጫነጫል። አመሻሽ ላይ ተመለሱ፤ ማታው ለሰልፉና ለመብራቱ ይሁን።

6. ቦርሳና ጥንቃቄ

ፓወር ባንክ፣ ተደራራቢ ልብስ፣ ትርፍ ካልሲ፣ ለአምስት ዓመት ልጅም ቢሆን ጋሪ። ይበቃል።

ጠዋት በሩ ላይ እያንዳንዱን ልጅ ከነለበሰው ልብስ ፎቶ አንሱት። ከግርግሩ መሃል ቢጠፋ «ምን ለብሶ ነበር?» ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ ፎቶው ግን ስልካችሁ ላይ አለ። ልጁንም የስም ባጅ ያደረጉ ሠራተኞችን አሳዩትና «ከጠፋህብን ወደ እነሱ ሂድ» በሉት። ስልክ ቁጥራችሁን ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉለት። ከቀትር እረፍት ስትመለሱ ደብዝዞ ከሆነ እንደገና አድምቁት።