ከከባድ አደጋ በኋላ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲነቃ፦ አስታማሚ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማስተኛ መድኃኒቱ ጠዋት ቆመ ማለት ታማሚው ከሰዓት በኋላ ያወራል ማለት አይደለም። ሚዳዞላም የመሰለው መድኃኒት ለቀናት ሲሰጥ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ኩላሊት ወይም ጉበት ከተጎዳ ደግሞ ቶሎ አይወጣም። ጭንቅላቱ ከተመታ መንቃቱ ሳምንታትም ሊወስድ ይችላል። ቤተሰብ ብዙ የሚሳሳተው በዚህ መሀል ነው።

ዓይኑን ስለገለጠ ነቅቷል ማለት

ዓይን መግለጥ ሌላ፣ ማወቅ ሌላ ነው። የንቃት ደረጃ በሚለካበት የግላስጎው መለኪያ ዓይን፣ ንግግርና እንቅስቃሴ ለየብቻ ነጥብ የሚሰጣቸው ለዚህ ነው፤ ዝቅተኛው ድምር 3፣ ከፍተኛው 15 ነው። እጅዎን መጨበጡም ማስረጃ አይሆንም፤ መዳፍ ሲነካ ጣቶች በራሳቸው ሊጨብጡ ይችላሉ። ይልቅ «እጄን ልቀቅ» ወይም «ሁለት ጣት አሳየኝ» ይበሉትና አሥር ሰከንድ ያህል ይጠብቁ። ደጋግሞ ካደረገው ለነርሷ ይንገሩ።

ስለማያወራ መደንገጥ፣ ጥያቄ ማብዛት

የመተንፈሻ ቱቦው በድምፅ አውታሮቹ መካከል ስለሚያልፍ ቢነቃም ድምፅ አይወጣውም። ቱቦው ሲወጣም ድምፁ ለቀናት ይጎረንናል። ፊደል ገበታ አቅርቦ ቃል እንዲመሠርት መጠበቅ ከ200 በላይ ሆሄያት መሀል ማድከም ነው። አንድ ወረቀት ላይ በትልቁ ይጻፉ፦ አመመኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ሞቀኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ አዙሩኝ፣ ፈራሁ፣ ሌላ። አንድ በአንድ ይጠቁሙለት፤ የፈለገው ላይ ሲደርሱ ዓይኑን ይጨፍን። «አመመህ ወይስ ጠማህ?» ብሎ ሁለት ነገር በአንዴ መጠየቅ ግራ ያጋባዋል። መነጽር የሚያደርግ ከሆነ ያምጡለት።

ውሃ፣ አጥሚት ወይም ጠበል በድብቅ መስጠት

ቱቦ ከ48 ሰዓት በላይ የቆየበት ጉሮሮ የመዋጥ ችሎታው ሊዳከም ይችላል። ፈሳሹ ወደ ሳንባ ሲገባ ታማሚው ላያስልም ይችላል፤ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ግን ትኩሳትና የሳንባ ምች ሊመጣ ይችላል። ሐኪም ወይም ነርስ አዋዋጡን ሳይፈትሹ አንድ ማንኪያም አይስጡ። ከንፈሩ ሲደርቅ ነርሷን አስፈቅደው በረጠበ ንጹሕ ፋሻ ይጥረጉለት። ጠበሉንም እንዲሁ አስፈቅደው ግንባሩን ቢያስነኩት ይሻላል። በአፍንጫ ቱቦ የሚመገብ ከሆነ ወፍራም አጥሚት ቱቦውን ይደፍናል፤ ምን እንደሚዘጋጅና በምን ያህል እንደሚቀጥን አስቀድመው ይጠይቁ።

«አበደ» ወይም «መንፈስ ያዘው» ብሎ ማዘን

ግድግዳ ላይ ነፍሳት ማየት፣ «ሊገድሉኝ ነው» ማለት፣ ቱቦ መጎተት ዴሊሪየም የሚባለው መዘባረቅ ነው። በማሽን ሲተነፍሱ ከቆዩ ሰዎች ብዙዎቹን ያገኛቸዋል፣ ማታ ይብሳል፣ አብዛኛውን ጊዜም ያልፋል። ባየው ነገር አይከራከሩት፤ አብረውትም አይስማሙ። በዝግታ «ሆስፒታል ነህ፤ የመኪና አደጋ ደርሶብህ ነው፤ ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል፤ እኔ እህትህ ነኝ» ይበሉት፤ በየጉብኝቱም ይድገሙት። ቀን መጋረጃ ይከፈት፣ ማታ መብራት ይቀነስ።

እጁ በለስላሳ ማሰሪያ ከታሰረ አዝነው አይፍቱት። የቱቦው ጫፍ በተነፋ ፊኛ የተያዘ ነው፤ የፊኛው አየር ሳይወጣ ከተጎተተ የድምፅ አውታሩን ሊጎዳ ይችላል። ደህና የነበረው ሰው በድንገት ከደነዘዘ፣ ካስመለሰው ወይም አንደኛው የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ ግን እንደ መዘባረቅ አይቁጠሩት፤ ነርሷን ወዲያው ይጥሩ።

እግሩን ማሸት፣ የአንገት ድጋፉን ማላላት

ለቀናት በተኛ ሰው እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ ሲታሽ ተላቆ ወደ ሳንባ የመሄድ አደጋ አለው። ባቱ አብጦ ወይም ሞቆ ካዩ ሳይነኩ ይናገሩ። ወጌሻ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። የአንገት ድጋፉንም ሐኪም ካላዘዘ አይንኩ።

መርዶን እንደ ቤት ልማድ መያዝ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። አብረውት ከነበሩት የሞተ ካለ ታማሚው ይጠይቃል። ልማዳችን ደብቆ ቆይቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ማርዳት ነው፤ በዚህ ክፍል ግን አይሆንም። «ሌላ ሆስፒታል ተኝተዋል» የሚለው ውሸት ሲገለጥ ሐኪሙንም ማመን ያቆማል። እየተዘባረቀ ሳለ ቢነገረው ደግሞ ይረሳዋል፤ በነጋታው ሲጠይቅ እንደ አዲስ ይረዳል።

እስኪረጋጋ ድረስ «ስለ እነሱ ሐኪሙ ባለበት እንነጋገራለን» ማለት ይበቃል፤ «ሞተዋል ወይ?» ብሎ ፊት ለፊት ከጠየቀ ግን አይካዱ። ጠያቂ ጥቁር ለብሶ ወይም ነጠላውን ለሐዘን አዘቅዝቆ እንዳይገባ በር ላይ ይጠብቁ። ስልኩንም ለጊዜው ያቆዩለት፤ የሐዘን መግለጫ በፌስቡክ አይቶ የሚረዳ አለ።

ትናንት የተነገረውን ዛሬ ካስታወሰ፣ የት እንዳለም ለሁለት ቀን ያህል ሳይዘነጋ ከተናገረ ጊዜው ደርሷል። በጠዋት ሐኪሙ ባለበት፣ በጣም የሚቀርበው አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ይግባ። «ወንድምህ በአደጋው ሞቷል» ብሎ በግልጽ መንገር ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም ንግግር ገና በሕይወት አለ የሚል ተስፋ ይሰጠዋል። ሲያለቅስ አብረው ይቀመጡ፤ «አይዞህ፣ አታልቅስ» እያሉ አያቻኩሉት። የጎድን አጥንቱ ከተሰበረ ለቅሶው ሕመሙን ያብሰዋልና ማስታገሻው በጊዜው እንዲሰጠው አስቀድመው ያስታውሱ። የማታ ተረኛዋ ነርስም መርዶውን መስማቱን ትወቅ፤ የልብ ምቱ ሲፈጥንና እንቅልፍ ሲያጣ ከምን እንደመጣ ለመለየት ይረዳታል።