ትንንሽ ልጆችን እንግሊዝኛ ማንበብ እንዴት ማስጀመር ይቻላል

ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲን በዜማ እስከ መጨረሻው የሚያወርድ የአራት ዓመት ልጅ ቤተሰቡን ያኮራል። ንባብ ጀምሯል ማለት ግን አይደለም። ሲ፣ ኤ እና ቲ የተጻፉበትን ወረቀት ብታሳዩት ሦስቱን ስሞች አጥርቶ ይጠራና ይቆማል፤ ከ«ሲ-ኤ-ቲ» ውስጥ ድመት ማለት የሆነው «ካት» የሚወጣበት መንገድ የለምና።

በአማርኛ ይህ ችግር አይገጥመንም። «ለ»ን ለ ብለን እንጠራዋለን፣ ለ ብለንም እናነበዋለን። በእንግሊዝኛ ግን የፊደሉ ስም ሌላ፣ ድምፁ ሌላ ነው። «ደብልዩ» በሚለው ረጅም ስም መነሻ ላይ የፊደሉን «ው» የሚል ድምፅ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ስለዚህ ከስም ሳይሆን ከድምፅ መጀመር ይሻላል። ስሞቹ ቆየት ብለው ቢመጡ ምንም አይጎድልም።

ከፊደል በፊት ጆሮ

ወረቀትና እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት ልጁ አንድ ቃል ከተለያዩ ድምፆች እንደሚሠራ መስማት አለበት። ይህ በጨዋታ የሚሆን ነገር ነው። «ክ… ኣ… ት» ብላችሁ ቃሉን ቆራርጡለትና «ምን አልኩ?» በሉት። ወይም «ማት፣ ሚልክ፣ ፊሽ» ብላችሁ በመነሻ ድምፁ ከሌሎቹ የሚለየውን ያውጣ። በእንግሊዝኛ ከከበደው መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያድርገው፤ ድምፅ የመለየት ችሎታ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ይሻገራል። ልብስ ሲለብስም ሆነ መንገድ ላይ ሲሄድ መጫወት ይችላል፤ መቀመጥ እንኳን አያስፈልገውም።

ስድስት ፊደላት ይበቃሉ

ሃያ ስድስቱን በተርታ ማስተማር አያስፈልግም። ኤስ፣ ኤ፣ ቲ፣ ፒ፣ አይ እና ኤን በብዙ የእንግሊዝኛ ማስጀመሪያ መጻሕፍት ቀድመው የሚመጡት በእነርሱ ብቻ በርካታ አጫጭር ቃላት መሥራት ስለሚቻል ነው። ትልልቆቹን ሳይሆን ትንንሾቹን የፊደል ቅርጾች አስቀድሙ፤ በመጽሐፍ ገጽ ላይ ልጁን የሚጠብቁት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ፊደል አስተዋውቁ፤ ልጁ ቅርጹን በጣቱ እየተከተለ ድምፁን ይበል። ኋላ ላይ ቢ እና ዲ ላይ ስትደርሱ አንድ ላይ አታምጧቸው፤ ትንንሾቹ ቅርጾች የሚለያዩት ሆዳቸው በዞረበት አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ አንዱ በደንብ ሳይጸና ሌላው ከመጣ ይምታታሉ።

አጠራር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተነባቢን በሳድሱ በአጭሩ ጥሩት፤ «ት» እንጂ «ተ» አትበሉ። «ሰ-አ-ተ» ብሎ የለመደ ልጅ ሲያጋጥማቸው «ሰአተ» እንጂ «ሳት» አይልም። ብዙ ልጆች ድምፆቹን ሁሉ እያወቁ ማንበብ የሚያቅታቸው በዚህች ትርፍ አናባቢ ምክንያት ነው። በ«ካት» ውስጥ ያለው የኤ ድምፅ ደግሞ በእኛ «ኣ» እና «ኤ» መካከል የሚወድቅ ነው፤ አፍን ሰፋ አድርጎ ከፍቶ ማሳየት ከማብራራት ይሻላል።

ድምፅን ከድምፅ ማጋጠም

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ከሁሉ በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀውም ይኸው ነው። ሦስት ትንንሽ ካሬ ወረቀቶች ቁረጡና ኤስ፣ ኤ፣ ቲ ጽፋችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ደርድሩ። ልጁ «ስ» ይላል፣ ያርፋል፤ «ኣ» ይላል፣ ያርፋል፤ «ት» ይላል። ከዚያ ቀና ብሎ በልበ ሙሉነት «ፒን!» ይላል። አትሳቁ፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ከአእምሮው ጠፍቶበታል።

መፍትሔው ዕረፍቱን ማጥፋት ነው። ጣቱን ከመጀመሪያው ወረቀት ሥር አስቀምጡና ሳያነሣው ወደ ቀኝ እያንሸራተተ «ስስስኣኣኣት» ይበል፤ ጣቱ እስኪያልፍ ድረስ ድምፁም አይቋረጥ። እንደ ስ፣ ም፣ ን እና ፍ ያሉት ድምፆች ትንፋሽ እስካለ ድረስ ስለሚሳቡ ቃል መነሻ ላይ ይመቻሉ። ት፣ ፕ፣ ብ እና ክ ግን እንደተባሉ የሚያልቁ ናቸውና በእነርሱ የሚጀምሩትን ቃላት ጥቂት ቆይታችሁ አምጡ። አሁንም ካቃተው «ሳ» የሚለውን አንድ ላይ ያንብብና «ት»ን ይጨምርበት። ቃሉን እናንተ ቀድማችሁ አትናገሩለት፤ ዝምታው ቢረዝምም ጠብቁ።

«ሳት» ከተነበበ በኋላ አንድ ወረቀት ብቻ እየቀየራችሁ «ሲት»፣ ከዚያ «ፒት»፣ «ፒን»፣ «ፓን» እያላችሁ ሂዱ። በሌላ ቀን ገልብጡት፤ እናንተ ቃሉን ተናገሩ፣ እርሱ በወረቀቶቹ ይሥራው። የሶቪየት ኅብረቱ የሥነ ልቦና ምሁር ዳኒል ኤልኮኒን ለዚህ ያቀረበው ዘዴ ቀላል ነው፦ በቃሉ ውስጥ ባሉት ድምፆች ቁጥር ልክ ሳጥኖች ይሳላሉ፤ ልጁ እያንዳንዱን ድምፅ ሲል በየሳጥኑ አንድ ጠጠር ወይም ቁልፍ ያስገባል። ፊደል የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግሊዝኛ በቤቱ የማይነገር ልጅ ላይ ሌላ ሥራ አለ። «ፓን» ብሎ በትክክል አንብቦ መጥበሻ መሆኑን ካላወቀ ድምፅ አወጣ እንጂ አላነበበም። ቃሉን ከማንበቡ በፊት በጆሮው ይወቀው፤ ዕቃውን አሳዩት፣ ያንሣው፣ ስሙን ይጥራ።

እምቢ የሚሉ ቃላት

«ዘ»፣ «ዋዝ» እና «ሴድ» ደጋግመው ይመጣሉ፤ አጻጻፋቸውና አነባበባቸው ግን አይገጥምም። እንደ ሥዕል በቃል አታስይዙ። «ሴድ» ውስጥ የፊተኛው ኤስና የኋለኛው ዲ እንደ ሌላው ጊዜ ይነበባሉ፤ አመል ያላቸው መሐል ያሉት ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው። ያንን ክፍል በቀለም አስምሩበት። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት እንዲህ ያለ ቃል ይበቃል።

ወደ መጽሐፍ

የመጀመሪያው መጽሐፍ ልጁ በተማራቸው ድምፆች ብቻ የሚነበብ ይሁን። ሥዕል ያለበት ገጽ ላይ ዐይኑ ከፊደሉ ይልቅ ወደ ሥዕሉ የሚሮጥ ከሆነ እየገመተ ነውና ጽሑፉን አስቀድማችሁ ሥዕሉን በኋላ አሳዩት። በእንግሊዝ አገር ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ለሚወስዱት የንባብ ምዘና ከሚቀርቡት 40 ቃላት ግማሾቹ ትርጉም የሌላቸው የተፈጠሩ ቃላት የሆኑት ለዚሁ ነው፤ ያላየውን ቃል በትዝታ ሊያነብ የሚችል የለም። እናንተም «ናስ» ወይም «ታስ» ብላችሁ ሠርታችሁ፣ የፍጡር እንግዳ ስም ነው ብላችሁ አስነብቡት። ልጆች ይህን ይወዱታል።

በቀን አሥር ደቂቃ በቂ ነው፤ ሲሰለች አቁሙ። ስድስቱ ሲጸኑ ሌሎቹን ጨምሩ፤ ከዚያ ኤስና ኤች ተጣምረው «ሽ» እንደሚሆኑት ያሉት ይከተላሉ። እንግሊዝኛ በ26 ፊደላት ወደ 44 የሚጠጉ ድምፆችን ስለሚጽፍ ጥምረቱ ብዙ ነው፤ ቃል መጨረሻ ላይ ተጽፎ የማይነበበው ኢ ለኋላ ይቆይ። ልጁ ለወራት ተለማምዶም ተመሳሳይ ድምፆችን መለየት ካቃተው ወይም ገጹን ወደ ፊቱ እያስጠጋ የሚያይ ከሆነ ትምህርቱን ከማክረር በፊት ጆሮውንና ዐይኑን ሐኪም ይይለት።