ቫኪዩሙ አልይዝ ሲል፦ የጊታር ማጣበቂያ ፓምፕ ችግርና መፍትሄ

የጊታር ፊት ላይ ብሬስ (ከውስጥ የሚደግፈው ዘንግ) ወይም ብሪጅ (ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት) በቫኪዩም ሲጣበቅ፣ ማለትም በላስቲክ ተሸፍኖ ከሥሩ ያለው አየር በፓምፕ ሲሳብ፣ ነገር ከተበላሸ መጀመሪያ የሚሰደበው ፓምፑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ትልቅ ፓምፕ ፍለጋ መርካቶ ከመውረዳችሁ በፊት ይህን እዩ። ሶኬቱ፣ ፊውዙና የቱቦው ማሰሪያ ታይቷል ብለን እንጀምር።

የፓምፑ ካርቶን 25 ኢንች ይላል፣ ጌጁ (የቫኪዩም መለኪያው) 19 ላይ ቆመ

አዲስ አበባ ከሆናችሁ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። እንጨቱን የሚጫነው ፓምፑ ሳይሆን ከላስቲኩ ውጭ ያለው አየር ነው። ይህ አየር በባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎፓስካል ወይም ጌጁ በሚቆጥርበት መለኪያ 29.9 ኢንች ሜርኩሪ ጫና አለው። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ 76 ኪሎፓስካል፣ ማለትም 22 ተኩል ኢንች አካባቢ ነው የሚቀረው። ባሕር ዳር 24 ያህል ይደርሳል። 25 ኢንች የተጻፈበት ፓምፕ ካለው አየር 84 በመቶ ያህል የሚያወጣ ነው፤ የ22 ተኩል 84 በመቶ ደግሞ 19 ገደማ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ 28 የሚያሳይ ጌጅ ካያችሁ የሚጣለው ጌጁ ነው።

ለሥራው ከ12 እስከ 15 ኢንች ይበቃል። በ15 ኢንች በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ግማሽ ኪሎ ያህል ያርፋል። 16 በ3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብሪጅ 25 ኪሎ ተጫነው ማለት ነው። ከዚያ በላይ መጫን የጊታሩ ፊት የሚሠራበትን ለስላሳ እንጨት፣ ስፕሩስን፣ ማሰርጎድ ነው።

ጌጁ 8 ወይም 10 ላይ ይዋልላል፣ ፓምፑም አያርፍም

በየጊዜው የሚመጣው ጥያቄ ይኸ ነው። ጋስኬቱ (የጠርዙ ማሸጊያ ጎማ) ይቀየራል፣ ቱቦው ይቀየራል፣ በመጨረሻ ፓምፑ ይቀየራል፣ ጌጁ ግን ያው 10። የሚያፈሰው ሥራው የሚቀመጥበት ኤም ዲ ኤፍ (ከተፈጨ እንጨት በኮላ የተጨመቀ ሰሌዳ) ነው።

ኤም ዲ ኤፍ ሲታይ ድፍን ይመስላል እንጂ አየር ያሳልፋል። በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ (ሲኤንሲ) ማሽን ጠረጴዛ ላይ ሆን ተብሎ የሚነጠፈው አየር ውስጥ ለውስጥ እንዲያልፍበት ነው። ሁለቱ ፊቶቹ ጠጠር ያሉ ናቸው፤ ሆዱ ግን ልቅ ነው። ለጋስኬት ቦይ ስትቆፍሩ፣ ለቱቦ ስትበሱ፣ ከሁሉም በላይ የጊታሩ ፊት የሚያርፍበትን ጎድጓዳ ሰሌዳ ስትፈለፍሉ ያንን ጠጣር ፊት አንስታችሁ ልቁን ሆድ ከፈታችሁት። ቺፑድ ከሆነማ አይወራ።

ከፓምፑ ተነስታችሁ ወደ ውጭ እየሄዳችሁ ለዩት፦

1. ጌጁ ፓምፑ አፍ ላይ ይሁን፣ ቱቦውን በአውራ ጣት ዝጉ። 19 ካለ ፓምፑ ደህና ነው።
2. ውኃና ኮላ የሚያጠምደውን ጠርሙስ ጨምሩና የቱቦውን ጫፍ ዝጉ። ከ18 በታች ከወረደ ክዳኑን እዩ።
3. ሰሌዳውን ያለ እንጨት በላስቲክ ሸፍናችሁ ሳቡ። እዚህ ላይ ወደ 9 ከወደቀ ሰሌዳው ነው፣ ክርክር የለም።
4. ከጊታሩ ፊት ጋር ብቻ ከወደቀ የመሃል መገጣጠሚያውን ወይም በድምፅ ቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ጌጥ በስኮች ሸፍኑ።

የሳሙና ውኃ አትርጩ! ሳሙና አረፋ የሚያወጣው አየር ወደ ውጭ ሲገፋ ነው፤ እዚህ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ሰሌዳው ውኃውን ጠጥቶ ያብጣል። በሳሙና ሲፈተሽ ውሎ ጠርዙ እንደ ዳቦ የተነፋ ሰሌዳ ደግሞ መጣል ብቻ ነው። ይልቅ የተጠረጠረ ቦታ ላይ መዳፍ የምታህል የላስቲክ ቁራጭ አስቀምጡና ጌጁን እዩ። መርፌው ከፍ ካለ ቦታው ያ ነው።

መፍትሄው ማሸግ ነው። ጠርዞቹን ግማሽ በግማሽ በውኃ በቀጠነ ነጭ ኮላ ሁለት ጊዜ ቀቡ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሻሹ፤ ከዚያ ከላይም ከታችም ከጎንም ሦስት እጅ ቫርኒሽ። የታችኛው ፊት ይረሳል፤ በላይ ብቻ የታሸገ ሰሌዳ በሆዱ በኩል መሳቡን ይቀጥላል። የቱቦው መግቢያ ብረት በቴፍሎን ተጠቅልሎ ኤም ዲ ኤፍ ውስጥ ሲጠመዘዝ በጭራሽ አይይዝም፤ የቀዳዳውን ግድግዳ ጭምር ኢፖክሲ ቀብታችሁ ትከሉት። ቫርኒሹ ሽታው ሳይጠፋ አትሳቡ፤ ተኑ ፓምፑ ውስጥ ይገባል።

ቫርኒሽ የማያስፈልገው ዘዴም አለ፤ ጎድጓዳውን ሰሌዳ ከነእንጨቱ በሙሉ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ማስገባት። ያኔ ሰሌዳው ቢያፈስም የሚያፈሰው ከረጢቱ ውስጥ ነው።

መብራት ጠፋ፣ ከረጢቱ ውስጥ ዘይት ገባ

የፍሪጅ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ባለዘይት ፓምፕ ቼክ ቫልቭ (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ) ከሌለው መብራት ሲሄድ ቫኪዩሙ ዘይቱን መልሶ ይጠጣል። ዘይት የነካው ስፕሩስ ላይ ኮላም ቫርኒሽም አይዝም፤ ያ ፊት አበቃለት። ቼክ ቫልቩን ከፓምፑ አጠገብ፣ የእጅ ቫልቭ ደግሞ ከከረጢቱ አጠገብ ግጠሙ። በደንብ የታሸገ ከረጢት ቫልቩ ተዘግቶ በ10 ደቂቃ ከ2 ኢንች በላይ መጣል የለበትም። እንዲህ ከያዘ መብራት እስኪመለስ ብሬሱ በቦታው ይቆያል።

የብሬሱ ጫፍ አልያዘም ወይም ብሬሱ ዘመመ

ላስቲኩ በሁለት ብሬሶች መካከል እንደ ድንኳን ተወጥሮ ነው። ቫልቩን በከፊል ከፍታችሁ 3 ኢንች ላይ አቁሙ፣ ላስቲኩን በጣት ወደ ብሬሱ ሥር እየገፋችሁ እጥፋት ስጡት፣ ከዚያ ጨምሩ። ረጃጅም ብሬሶችን በእንጨት ሽብልቅ ደግፉ።

ዘይቱ ወተት መሰለ — የኮላው እርጥበት ገብቷል። ቀይሩት፣ አጥማጅ ጠርሙስም ጨምሩ።

ከአሜሪካ የመጣ ፓምፕ ደከመ — 60 ኸርዝ ታስቦ የተሠራ ሞተር በእኛ 50 ላይ ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን ያጣል። 110 ቮልት ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር አትሰኩት።

ታዲያ የቱ ይገዛ?

ዘይት የሌለው ባለዲያፍራም (በሚርገበገብ ጎማ የሚስብ) ፓምፕ፣ በደቂቃ 30 ሊትር ያህል የሚስብ። ያ 30 ሊትር ግን ምንም ጫና በሌለበት የተለካ ነው፤ 15 ኢንች ላይ ስንት እንደሚቀረው ጠይቁ። ሻጩ የማያውቅ ከሆነ ሰንጠረዡን ያሳያችሁ፤ ሰንጠረዥ ከሌለው እለፉት። የፍሪጅ ኮምፕረሰር ርካሽና ዝምተኛ ነው፤ የሚስበው ግን ትንሽ ነው፣ የሚያቀዘቅዘው ጋዝ ስለሌለም ቶሎ ይግላል፤ የማያፈስ ከረጢት ላላቸው ብቻ ይሆናል። የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን አትሞክሩ፤ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በሚስበው አየር ነው፣ ሲዘጋበት ይቃጠላል።

በትኩስ የቆዳ ኮላ የምትሠሩ ከሆነ ፓምፕ ብቻውን አይደርስላችሁም፤ ኮላው በደቂቃ ውስጥ ይረጋል። ቀድሞ አየሩ የወጣለት 10 ሊትር የብረት ማጠራቀሚያ 9 ሊትር አየር ከሚይዝ የማጣበቂያ ሳጥን ጋር ሲገናኝ ጌጁ ወዲያው ግማሽ መንገድ ይሄዳል፤ ቀሪውን ፓምፑ ይጨርሳል። ማጠራቀሚያው ወፍራም ግድግዳ ያለው ብረት ይሁን። ጄሪካን ይጨመደዳል፤ የመስታወት ገንቦ ደግሞ ይፈነዳል፣ ስብርባሪውም ፊት ላይ ነው የሚመጣው።