ክሩው (የቀረጻ ቡድኑ) በዕድሜ ሲበልጥህ፦ ለጀማሪ ዳይሬክተር

ካሜራማኑ በዕድሜ ይበልጥሃል፣ የድምፅ ባለሙያው ብዙ ፊልም ሠርቷል፣ ለአንተ ግን ይሄ የመጀመሪያህ ነው። ይሄንን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ልምድ ያለህ ለመምሰል አትድከም፣ ቶሎ ይነቃብሃል።

ይልቅ ተዘጋጅተህ ና። የቀረጻውን ቦታ ከካሜራማኑና ከረዳት ዳይሬክተሩ ጋር ቀድመህ ዞረህ እየው። ሾት ሊስትህን (የምትቀርጻቸውን ምስሎች ዝርዝር) ጻፍና የቱ የግድ እንደሆነ፣ የቱ ሰዓት ካጠረ እንደሚቀር ምልክት አድርግበት። ሰዓት ማጠሩ አይቀርማ! ያኔ ሁሉም አንተን ነው የሚያየው፤ "አምስተኛውን ሾት እንተወው፣ እጇን ከቅርብ የሚያሳየውን ክሎዝ አፕ ግን ሳንይዝ አንሄድም" ካልክ ሰው ወዲያው ወደ ሥራው ይመለሳል።

ካሜራማኑ "35 ሚሊሜትር ሌንስ ይሁን 50?" ብሎህ መልሱ ከጠፋህ አትቀባጥር። የምትፈልገውን ንገረው፦ "ክፍሉ የጠበባት እንድትመስል፣ በሩም ከኋላዋ እንዲታይ ነው የምፈልገው።" ሌንሱን እሱ ይመርጣል። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1940 የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ሲቀርጽ 25 ዓመቱ ነበር፤ ካሜራማኑ ግሬግ ቶላንድ ደግሞ ኦስካር የወሰደ ሰው ነበር። ዌልስ በፊልሙ የሠራተኞች ስም ዝርዝር ላይ የቶላንድን ስም ከራሱ ስም ጋር በአንድ ገጽ ነው ያወጣው።

ከአንጋፋ ተዋናይ ጋር ስትሠራ ከሞኒተር ጀርባ ሆነህ አስተያየት አትጩህ። ተነስተህ ሂድ፣ ጠጋ ብለህ ቀስ ብለህ ንገረው። "ትንሽ ሐዘን ይጨምሩበት" ማለት ምንም አይረዳውም። "ልጅዎ እንደማይመለስ ገና አልገባዎትም፤ ደብዳቤውን እንደ ተራ ወረቀት ያንብቡት" ብትለው ግን የሚሠራው ነገር አገኘ ማለት ነው። ሌላ ቴክ (የዚያኑ ሾት ድጋሚ ቀረጻ) ስትፈልግም ምክንያቱን ተናገር። "አንዴ ድገሙልኝ" ብቻ ሲደጋገም የምትፈልገውን አታውቅም ይባላል፣ ብዙ ጊዜም እውነታቸውን ነው።

የሚፈታተንህ ሰው አይጠፋም። በሰው ፊት እልህ አትጋባ፣ "ምሳ ላይ እናውራበት" በለውና ቀጥል። ሀሳቡ ጥሩ ከሆነ ግን እዛው ተቀበለው፣ የእሱ መሆኑንም ለሌሎቹ ንገር።

የድምፅ ባለሙያው ማንም ሳይናገር የሚሰማውን የክፍሉን ድምፅ ለመቅዳት ጸጥታ ሲጠይቅ መጀመሪያ ዝም የምትለው አንተ ሁን። ምሳ አታዘግይ። ቀረጻው ከተባለው ሰዓት የሚያልፍ ከመሰለህ ሰው ዕቃውን መሰብሰብ ሳይጀምር ለረዳት ዳይሬክተሩ ንገረው። የክሩውን ስምም ከጥሪ ወረቀቱ (የዕለቱ ፕሮግራምና የሠራተኞች ስም ካለበት) ላይ አጥና፣ "አንተ የመብራቱ ልጅ" እያልክ እንዳትጣራ።