ፌሬቶቼን ያዝለፈለፋቸው ቦታው ነበር
ልጆቼ ለምነው ለምነው ሁለት ፌሬት (ገላው ቀጭንና ረዥም የሆነ፣ ሥጋ በል ትንሽ የቤት እንስሳ) አስገዙኝ። እናቴ በቪዲዮ አይታ «አይጥ ነው እንዴ የምታሳድገው?» ብላ አማተበች። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ፀሐይ ያግኙ ብዬ ኬጁን (የሽቦ ቤታቸውን) መስኮት ስር አስቀመጥኩት። ሐምሌ ላይ ከሥራ ስገባ አንዱ አፉን ከፍቶ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ ልጥፍ ብሎ አገኘሁት። ለካ እንደኛ አያልባቸውም፤ ከ80 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ሙቀት ሊገድላቸው ይችላል። እግሩን ለብ ባለ ውሃ አረጠብኩና ሐኪም ጋ ሮጥኩ፤ ተረፈ።

በማግስቱ ኬጁን ፀሐይ ወደማይደርስበት ኮሪደር ወሰድኩት። የሽቦው ወለል መዳፋቸውን ስለሚያቆስል የልጆቹን አሮጌ ብርድ ልብስ አነጠፍኩበት። የጥድ ሰጋቱራውንም ጣልኩ፣ ሽታው ለሳንባቸው ጥሩ አይደለም፣ በምትኩ ጥግ ላይ የወረቀት ንጣፍ ያለው መጸዳጃ አደረግኩ። በቀን 14 ሰዓትና ከዚያም በላይ ስለሚተኙ ጨለም ያለ የጨርቅ አልጋ ሰቀልኩላቸው።

ሲለቀቁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጭንቅላታቸው ከገባ ገላቸው ተከትሎ ይገባል፣ ስለዚህ ምድጃው ስር ያለውን ክፍተት በጣውላ ደፈንኩት። ሶፋው ስር ግን እስካሁን አልቻልኳቸውም፤ ካልሲዬ ሁሉ እዚያ ነው።