የጾም ቁርሳችንን ዋጋ ለይተን እናስቀምጥ

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከቁርሳችን የሚተርፈው ገንዘብ ሳናውቀው በሌላ ወጪ ስለሚያልቅ፣ ዘወትር ማለዳ ከቤት ከመውጣታችን በፊት ዋጋውን በአንዲት ባዶ ጣሳ ውስጥ ለይተን ብናስቀምጥ እጅግ ይጠቅመናል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቍረስን እንደሚጨምር ያስተምራልና፣ የተጠራቀመውን እስከ ፋሲካ ሳናቆይ በየቅዳሜው ሽሮና ዘይት ገዝተን ለተቸገረ ጎረቤት እናድርስበት። ልጆችም ብሩን በገዛ እጃቸው ወደ ጣሳው ይጨምሩ፤ ከብዙ ምክር ይልቅ ይህ በልባቸው ይቀራል። የተቀባዩ ክብር እንዳይነካ ከመሸ በኋላ፣ በዘንቢል ሸፍኖ መውሰድ ይመረጣል። ምክንያቱን ከጠየቁንም «የጾማችን ድርሻ ነው» ብለን በትሕትና መመለስ ይበቃናል፤ ስለ እምነታችን የበለጠ ማወቅ ከፈለጉ ግን ቁጭ ብለን፣ ሳንቸኩል እናጫውታቸው።